ያ የሙቀትና የዝናብ ቁጥር ከየት መጣ?

ዳሎል ሰው ከኖረባቸው የዓለም ቦታዎች ሁሉ በአማካይ ሙቀት አንደኛ ነው ሲባል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። በየብሮሹሩ አለ፣ በየዩቲዩቡ አለ፣ በየፌስቡክ ፖስቱ አለ። ቁጥሩም አብሮ ይመጣል፣ አንዱ 34.4 ዲግሪ ይላል፣ ሌላው 34.6፣ ሌላው ደግሞ ጠቅለል አድርጎ 34 ብሎ ያልፋል። ከየት ነው ያመጣችሁት ብላችሁ ከስሩ ስትፈልጉ ግን ወይ ምንም የለም ወይ «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» የምትል ነገር ናት ያለችው።

እኔን ይሄ ነገር ከልቤ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም የዚህ ቁጥር ምንጭ ጠፍቶ አይደለም። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ዳሎል ላይ ፖታሽ የሚፈልግ ካምፓኒ ካምፕ ነበረው፣ እዛ ካምፕ ውስጥ ሙቀት ይመዘገብ ነበር፣ ከ1960 እስከ 1966 የተመዘገበውን ደግሞ ፔጅሊ የሚባል ሚቲዎሮሎጂስት አቀናብሮ በ1967 ሚቲዎሮሎጂካል ማጋዚን በሚባል የእንግሊዝ መጽሔት ላይ አወጣው። ይሄው ነው። ይሄን አንድ መስመር ብትጽፉለት አንባቢው ስንት ነገር ያውቃል መሰላችሁ፣ ቁጥሩ የአንድ ካምፕ መሆኑን ያውቃል፣ የጥቂት ዓመታት አማካይ መሆኑን ያውቃል (የአየር ንብረት ባለሙያ «አማካይ» ሲል ብዙ ጊዜ የ30 ዓመት ነው የሚፈልገው)፣ ከተለካ ስልሳ ዓመት እንዳለፈውም ያውቃል። ያቺ መስመር ከሌለች ግን «ዳሎል አሁን 34.6 ዲግሪ ነው» የሚል ይመስላል፣ ብዙ ሰውም እንደዛ ነው የሚያነበው።

ደግሞ የእኛ ሀገር ተጨማሪ ጣጣ አለ፣ ዘመን አቆጣጠር። «ከ1960 እስከ 1966» የሚለውን ከእንግሊዝኛ ገልብጠህ ከጎኑ ዓ.ም. ብለህ ከጻፍክ በቃ መዝገቡን ሰባት ስምንት ዓመት ወደፊት ገፋኸው ማለት ነው፣ በኛ አቆጣጠር እኮ ከ1952 እስከ 1959 ገደማ ነው። ዝናብ ላይ ሲሆን ይሄ ቀልድ አይደለም። የ77 ድርቅ የምንለው በፈረንጅ 1984/85 ነው፣ አንድ ሰው 1977ን እንዳለ ወስዶ ከሳተላይት ዳታ ጋር ሊያነጻጽር ቢቀመጥ የማይገናኝ ዓመት ላይ ነው የሚቆፍረው። ህጉ ራሱ እንኳን የቅጂ መብት አዋጁ በአማርኛ 410/1996 ነው፣ በእንግሊዝኛ ስትፈልጉት 410/2004 ሆኖ ይመጣል፣ ሁለቱም አንድ አዋጅ ናቸው። ስለዚህ ከማንኛውም የአየር ሁኔታ ዓመት ጎን እ.ኤ.አ. ወይ ዓ.ም. ሳይጻፍ ሲቀር ክሬዲቱ (ከስር የሚጻፈው የምንጭ መግለጫ ማለቴ ነው) ግማሹ ጎደለ ነው የምለው።

ምንጭ መጻፍ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ የሊቢያውን ታሪክ ስሙኝ። ኤል አዚዚያ የምትባል ከትሪፖሊ ወደ ደቡብ ያለች ቦታ፣ መስከረም 13 ቀን 1922 በፈረንጆቹ፣ 58 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዘገበ ተባለ። ለ90 ዓመት የዓለም ከፍተኛው ሙቀት እሱ ሆኖ በየመማሪያ መጽሐፉ፣ በየአትላሱ ሲገለበጥ ኖረ። ሁሉም አንዱ ከአንዱ ነው የቀዳው። በኋላ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ሲመረምረው፣ የሊቢያ ሚቲዎሮሎጂ ሰው የሆነው ካሊድ ኤል ፋድሊ የዛን ጊዜውን የጣቢያውን መዝገብ፣ ማለትም በእጅ የተጻፈውን ወረቀት ራሱን አገኘው። ወረቀቱ ላይ በዛው ሰሞን የእጅ ጽሑፉ ይቀየራል፣ አዲስ ሰው ተተክቷል ማለት ነው፣ ቁጥሮቹም በማይገባቸው ዓምድ ገብተዋል፣ ቴርሞሜትሩ ደግሞ ላልለመደው ሰው ለማንበብ የሚያሳስት ዓይነት ነበር፣ መነበብ ካለበት ጫፍ ይልቅ ሌላኛውን ጫፍ ካነበብከው ወደ 7 ዲግሪ ያህል ትስታለህ። በ2012 ሪከርዱ ተሰረዘ፣ አንደኝነቱም ካሊፎርኒያ ዴዝ ቫሊ በ1913 ለተመዘገበው 56.7 ሄደ። አያችሁ፣ አንድ ወረቀት ናት ያንን ሁሉ የፈታችው። ለ90 ዓመት ቁጥሩን የገለበጡት ሰዎች ሁሉ ወደዛች ወረቀት የሚያደርስ መንገድ ጽፈው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ቀደም ብሎ ይታይ ነበር። ለእኔ ክሬዲት ማለት ይሄ ነው፣ አንባቢው ከፈለገ ተነስቶ እስከ መለኪያው ድረስ የሚሄድበት መንገድ።

እስቲ ደግሞ እስከ መለኪያው አብረን እንሂድ። እኛ ሀገር አራተኛ ደረጃ የሚባል ጣቢያ አለ፣ ዝናብ ብቻ ነው የሚለካው፣ ሌላ ምንም መሳሪያ የለውም። አንድ የብረት በርሜል ነገር አጥር ውስጥ ቆማለች፣ ከላይ አፏ ክፍት ነው፣ ውስጧ ውሃ የሚያጠራቅም ዕቃ አለ። ኦብዘርቨሩ፣ ማለትም ለክቶ የሚመዘግበው፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ስራ ያለው የሰፈሩ ሰው ነው፣ አስተማሪ ይሆናል፣ የግብርና ሰራተኛ ይሆናል፣ ጥበቃ ይሆናል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ዕቃውን ያወጣል፣ ውሃውን መስመር ወዳላት የመስታወት መለኪያ ይገለብጣል፣ ጎንበስ ብሎ ዓይኑን ከውሃው እኩል አድርጎ ያነባል፣ 12.4 ከሆነ 12.4 ብሎ ይጽፋል። መስታወቱ ስር እርጥበት ብቻ ካለ፣ ማለትም ከ0.1 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ዜሮ አይልም፣ ጥቂት ነጠብጣብ ነበር የሚል ምልክት ያደርጋል። ካልዘነበ ሰረዝ ወይ ዜሮ። ታሞ ካልመጣ ባዶ። እነዚህ ሶስቱ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ግን ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጡ ባዶው ዜሮ ይሆናል፣ ሰረዙ ደግሞ «ዳታ የለም» ይሆናል፣ ከዛ አንድ ተማሪ ዳውንሎድ አድርጎ «በዚህ ዓመት ሐምሌ ምንም አልዘነበም» ብሎ ይጽፋል። የጣቢያው ስም ከስሩ ካለ አንድ የሚያውቅ ሰው «ኧረ እዛ ጣቢያ በዛን ጊዜ ሰው አልነበረም» ሊለው ይችላል። «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» ካለ ግን ማን ምን ብሎ ያርመዋል?

የጠዋቱ 3 ሰዓት ነገርም ቀላል አይደለም። መስከረም 5 ጠዋት የተጻፈው ዝናብ ያለፉት 24 ሰዓታት ዝናብ ነው፣ ስለዚህ አብዛኛው የዘነበው መስከረም 4 ከሰዓትና ማታ ነው። ጎርፍ በመጣበት ቀን ስንት ዘነበ ለሚል ሰው አንድ ቀን መዛባት ብዙ ነገር ነው።

ብዙ ሰው አሁን ከሳተላይት ዳታ ስለሚወስድ ይሄ የጣቢያ ነገር አይመለከተኝም ይላል። ይመለከተዋል። ቺርፕስ የሚባለውን የዝናብ ዳታ ውሰዱ፣ እኛ ሀገር ስለድርቅ የሚጽፍ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጠቀመው ነው፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ወደ 5 ኪሎሜትር ድረስ የተከፋፈለ ነው፣ የሚያዘጋጀው ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ያለ ማዕከል ከአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ሆኖ ነው። እሱ ሳተላይቱ ያየውን የደመና ሙቀት ብቻ አይደለም የሚሰጠን፣ መሬት ላይ ካሉ ጣቢያዎች የተለካ ዝናብ ይቀላቀልበታል። ማለትም ያ ጠዋት 3 ሰዓት ጎንበስ ብሎ ያነበበው ሰውዬ ውስጡ አለ። የተሰራለት ትልቁ ዓላማም የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ለሚያወጣው ፊውስኔት ነው፣ ፊውስኔት ደግሞ የተቋቋመው በ1985 እ.ኤ.አ. ከዛ ከ77 ረሃባችን ተከትሎ ነው። ስለዚህ ይሄ የሩቅ ሰዎች ዳታ ብቻ አይደለም፣ የኛም ታሪክ ውስጡ ነው።

የኛ ሚቲዎሮሎጂ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የአየር ንብረት ምርምር ተቋም አይአርአይ ጋር ሆኖ የሰራው ደግሞ አለ፣ ኢናክትስ የሚባለው፣ ጣቢያና ሳተላይት ተዋህዶ በየ4 ኪሎሜትሩ፣ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ቱፋ ዲንቁ ብዙ የደከመበት። እዚህኛው ላይ በሀገር ውስጥ ያሉት ብዙ ጣቢያዎች ስለሚገቡበት ለኛ ትልቅ ነገር ነው፣ ስሙን መጥራትም ደስ ይላል።

ኢራ5 ግን ሌላ ነው፣ እዚህ ላይ ሰዉ በጣም ይደባልቃል። ኢራ5 ሪአናሊሲስ ነው፣ ማለትም የአውሮፓው የአየር ትንበያ ማዕከል ያሉትን መለኪያዎች ሁሉ ሞዴል ውስጥ ከቶ ያለፈውን አየር እንደገና ያሰላው ነው፣ ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሰዓቱ አለ። ግሩም ስራ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን አንዱ ሳጥን 31 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ከአባይ ድልድይ ተነስታችሁ ጎሃ ጽዮን እስክትወጡ ያለውን አስቡት፣ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይለያያል፣ ታች በረሃ ነው፣ ላይ ጃኬት ያስለብሳል፣ በኢራ5 ግን ሁለቱ በአንድ ሳጥን ሊገቡ ይችላሉ። ከዛ ቁጥር አውጥቶ «ጎሃ ጽዮን ላይ ይሄን ያህል ተመዘገበ» ብሎ መጻፍ ልክ አይደለም። አልተመዘገበም፣ ተሰላ። ክሬዲቱ ላይ ሪአናሊሲስ የምትለዋ ቃል መግባት ያለባት ለዚህ ነው። ሌላው ደግሞ ኢራ5ን የሚያከፋፍለው የአውሮፓ ህብረት ፕሮግራም ኮፐርኒከስ ራሱ ዳታውን እንዳለ ከተጠቀምክ እንዲህ በል፣ ቀይረኸው ከሆነ «የተለወጠ» በል ብሎ ለይቶ ነው የሚጠይቀው፣ ከዳታው የሚመጣ ስህተት ቢኖር የአውሮፓ ኮሚሽንም ማዕከሉም ተጠያቂ እንዳልሆኑ እንዲገለጽም ይፈልጋል።

እኔ ግራፍ ስሰራ ከስሩ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ዳታ፦ ቺርፕስ ቨርዥን 2.0፣ የአየር ንብረት አደጋዎች ማዕከል፣ ዩሲ ሳንታ ባርባራ፤ ከ1981 እስከ 2020 እ.ኤ.አ.፤ የሰኔ–መስከረም ድምር፤ የተወሰደው ጥር 2017 ዓ.ም.፤ ስሌትና ግራፍ የጸሐፊው»። ይረዝማል የሚል አለ። ይርዘም። ቨርዥኑ የሚጻፈው ስለሚቀየር ነው፣ የተወሰደበት ቀን የሚጻፈው ደግሞ መጀመሪያ ጊዜያዊ ሆኖ የሚወጣ ዳታ ስላለ ነው፣ ቺርፕስም ኢራ5ም የቅርቡን ጊዜ መጀመሪያ ጊዜያዊ አድርገው አውጥተው በኋላ ያስተካክሉታል፣ ያንተና የሌላ ሰው ቁጥር ሲለያይ ማንም ሳይዋሽ ሊሆን ይችላል። የጣቢያ ዳታ ሲሆን የጣቢያውን ስም፣ ዓመታቱን፣ የጎደሉትን ወራትም እጽፋለሁ። በተለይ የ1983ቱ የመንግስት ለውጥ አካባቢ ብዙ ጣቢያ ላይ ክፍተት አለ፣ እሱን በስሌት ሞልቶ ዝም ማለት ልክ አይደለም። የተቋሙ ስምም ተቀያይሯል፣ አገልግሎት ድርጅት ነበር፣ ኤጀንሲ ሆነ፣ አሁን የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፣ ዳታው በተሰጣችሁ ጊዜ የነበረውን ስም ጻፉ፣ ካስፈለገ አሁን እንዲህ ይባላል ብላችሁ ጨምሩበት።

ህጉ ምን ይላል ለሚለው፣ አዋጁ ተራ ዳታን በቅጂ መብት አይጠብቅም፣ 12.4 ሚሊሜትር የማንም ንብረት አይደለም። ፎቶ ግን ስራ ነው፣ ያነሳው ሰው ስሙ እንዲጠራ መብት አለው። ስለዚህ ዳታ ላይ የሚያስገድድህ ብዙ ጊዜ ህግ ሳይሆን ስነምግባርና ዳታውን ስትወስድ የተስማማህበት ደንብ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ ብሎ ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ አጽፎ ዳታ የወሰደ ሰው፣ ያንኑ ዳታ በኋላ ለንግድ ስራ ሲያውለው ያ ደብዳቤ ለዛ አልተጻፈም ማለት ነው።

ወደ ፎቶ ልምጣ። ናሳና ኖዋ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መስሪያ ቤት) የአሜሪካ መንግስት ስለሆኑ የራሳቸው ፎቶ አብዛኛው ነጻ ነው፣ ግን ነጻ ነው ማለት ስም የለውም ማለት አይደለም፣ ሁለቱም ስማችንን ጻፉ ይላሉ፣ ደግሞም እኛ የደገፍነው አታስመስሉ ይላሉ። ያቺ አፍሪካ ከሞላ ጎደል ሙሉዋን የምትታይባት የምድር ፎቶ ትዝ ትላችኋለች? አፖሎ 17፣ ታህሳስ 7 ቀን 1972 እ.ኤ.አ.። ከሶስቱ ጠፈርተኞች የትኛው እንዳነሳት ስላልተረጋገጠ ናሳ ክሬዲቱን ለአፖሎ 17 ቡድን ነው የሚሰጠው፣ እንዴት ደስ የሚል አሰራር ነው፣ ያልተረጋገጠ ስም ከመለጠፍ የተረጋገጠውን ቡድን መጻፍ። ፎቶዋ መጀመሪያ ደቡብ ወደላይ ሆኖ ነበር፣ ለኛ እንዲመች ተገልብጣ ነው የወጣችው። ደግሞ ከላይ በቀኝ በኩል ብታዩ ህንድ ውቅያኖስ ላይ የተጠቀለለ አውሎ ነፋስ አለ፣ ያኔ ታሚል ናዱን የመታው ነው። ቀኑ ካልተጻፈ ያ ሁሉ የአየር ሁኔታ ታሪክ ተራ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ከናሳ የለመደ ሰው ሁሉም ሳተላይት እንደዛ ይመስለዋል። የሜቲዮሳት ምስል፣ ያው የኛም ትንበያ ባለሙያዎች በየቀኑ የሚያዩት፣ የአውሮፓው የአየር ሁኔታ ሳተላይት ድርጅት የኢዩሜትሳት ነው፣ እነሱ የቅጂ መብት ምልክቱ ከነስማቸውና ከነዓመቱ እንዲጻፍ ይጠይቃሉ። ያቺ ከሰማያዊ ወደ ቀይ የምትሄደዋ ባለመስመር ምስልም፣ የሀገራችንን መሞቅ ለማሳየት ሰዉ ሼር የሚያደርጋት፣ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲው ኤድ ሆኪንስ ስራ ናት። ላይሰንሷ በነጻ ተጠቀም፣ ስሜን ግን ጻፍ ነው የሚለው። ሰዉ ደግሞ ከርሞ ከርሞ የሚተወው ያችኑ ስም ነው! አሁን ምን ይባላል ይሄ፣ የተጠየቀው ያቺ ብቻ ናት እኮ።

የድርቅ ፎቶ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ ካሜራማኑ ሞሃመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ሆኖ የቀረጸው ዓለምን አናወጠ። ከዛን ጊዜ የተነሱ ምስሎች እስከዛሬ ቀንና ቦታ ሳይኖራቸው በሌላ ዓመት፣ በሌላ ክልል የድርቅ ዜና ላይ ይለጠፋሉ። እነዛ ሰዎች እናትና ልጅ ናቸው፣ ያ ቀን የእነሱ ቀን ነው፣ ለሌላ ቀን ማስረጃ ማድረግ ሁለቱንም መበደል ነው፣ ድሮ የተራበውንም አሁን የተራበውንም። ፎቶው ቢያንስ የት፣ መቼ፣ በማን የሚለው ካልታወቀ ባታወጡት ይሻላል እላለሁ፣ ግራፍ አውጡ፣ ባዶ ማሳ ሄዳችሁ አንሱ።

ራሳችሁ ያነሳችሁትን ስትልኩ ደግሞ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ውስጡ ያለው ቀንና ቦታ ይጠፋል፣ እንደ ፋይል ላኩት፣ ያኔ አብሮት ይሄዳል። የበረዶና የጎርፍ ፎቶ በአንድ ቀን ሺ ቦታ ይዞር የለ፣ ማን እንዳነሳው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ስታቲስቲክስ የተማራችሁ ካላችሁ ናይል የምትባለዋን ዳታ ታውቋታላችሁ፣ አር የሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ ተዘጋጅታ ነው የምትመጣው፣ ከ1871 እስከ 1970 አስዋን ላይ ያለፈው ዓመታዊ ውሃ፣ መቶ ቁጥር። ምንጯ ሲታይ በ2001 የታተመ የስታቲስቲክስ መጽሐፍ ነው የሚለው። ያ ውሃ ግን በአብዛኛው የኛ የክረምት ዝናብ ነው። ከመቶዎቹ ትንሹ ቁጥር የ1913 ነው፣ 456፣ በኛ የ1905 ክረምት መሆኑ ነው፣ አጼ ምኒልክ ከማረፋቸው ከጥቂት ወራት በፊት። በዓለም ዙሪያ ስንት ተማሪ ያንን ቁጥር ግራፍ ላይ ዝቅ ብሎ ሲያየው የከሸፈ ክረምት መሆኑን ሳያውቅ ያልፋል፣ የኛዎቹ ተማሪዎች ጭምር። ለማስተማር የምትጠቀሙባት ካላችሁ እባካችሁ ከስሯ «አስዋን ላይ የተለካ፣ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚመጣ» የምትል መስመር ጨምሩባት።

እንግሊዞች በ2020 ኮሮና ቤት በዘጋባቸው ጊዜ የሰሩትን ሳይ እቀናለሁ። ከ1677 ጀምሮ የነበረ የዝናብ መዝገብ፣ 65,000 ገጽ ገደማ ስካን የተደረገ ወረቀት፣ ከ16,000 በላይ በጎ ፈቃደኛ ቤቱ ተቀምጦ ወደ ኮምፒውተር ገለበጠው፣ በ16 ቀን። ከ5 ሚሊዮን በላይ ቁጥር። ያው ኤድ ሆኪንስ ነው የመራው። ጥናቱ ሲታተም ከፈቃደኞቹ ስምንቱ ከሳይንቲስቶቹ እኩል ጸሐፊ ተብለው ስማቸው ገባ።

እኛም ጋ ወረቀቱ አለ። በየእርሻ ምርምር ጣቢያው፣ በየስኳር ፋብሪካው፣ በየሚሲዮኑ፣ በየድሮ ትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ላይ በእጅ የተጻፈ የዝናብ መዝገብ አለ፣ አይጥ ሳይበላው በስልክም ቢሆን የሚያነሳ ሰው ያስፈልጋል። የምታነሱ ከሆነ መጀመሪያ ሽፋኑን አንሱ፣ የጣቢያው ስምና ዓመቱ እዛ ላይ ነው ያለው፣ ከዛ ባዶ ገጾቹን ሳትዘሉ በቅደም ተከተል፣ ከስር የፈረመው ሰው ስም ካለ ሳይቆረጥ እንዲገባ አድርጉ።